የቅርጫ ትኬት

ከዱከም ማዶ ወዳለው ኤርፖርት ለመሄድ ከሁሉም የሚረክሰው ትኬት ቅርጫ ነው። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ ለቡ ጣቢያ ቆሞ፣ ኤርፖርት ሳይደርሱ ተመልሰው ከቅርጫ ፉርጎ የሚወርዱትን ተሳፋሪዎች ፊት ማየት ይበቃል።

ኤልዳና ግን ወደ ቅርጫ መስኮት በቀጥታ አልሄደችም። ሌላውን ሁሉ ሞክራ ነው። ሥራዋ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው፤ ጨርቅ ስትገዛም ሆነ ክር ስትገዛ ሦስት ሱቅ ሳትዞር ኪሷ አይከፈትም። ዛሬ ጠዋት የምትሄደው ልጇን ሚልካን ልትቀበል ነው። ሚልካ ስምንት ዓመቷ ሲሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ዱባይ አባቷ ዘንድ ነበረች። አባትየው አዲስ ሚስት ሲያገባ ልጅቷን ብቻዋን አውሮፕላን ላይ ጭኖ ላካት፤ ብትመለስ እንደማይረከባትም ቁርጡን ተናገረ።

የኤርፖርቱ ደንብ አጭር ነው። ብቻውን የመጣ ሕፃን እስከ ቀትር ወላጅ ካልተረከበው፣ ባመጣው አውሮፕላን ይመለሳል። ሚልካ ከተመለሰች የምትገባው አባቷ ቤት ሳይሆን የባዕድ አገር ማቆያ ነው። እዚያ የገባ ልጅ ሲወጣ ያየ ሰው የለም።

ኤልዳና ያላት ገንዘብ ሁለት መደበኛ ወንበር ይገዛል፤ ሦስት ግን አይገዛም። ለመሄድ አንድ ለእሷ፣ ለመመለስ ሁለት ለእሷና ለልጇ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን ወንበር ለመልሱ አስቀምጣ፣ መሄጃውን በትርፍራፊ መፈለግ ያዘች።

የከሰዓቱ ባቡር በግማሽ ዋጋ ነው፤ ግን የሚነሳው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። አውቶቡሱ ባቡሩ ሥራ በጀመረ ሰሞን ቀርቷል። የአራት ሰው ትኬት የሚባል አለ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች አራት ሆነው ሲሞሉ ዋጋው ይወርድላቸዋል። ጣቢያው በር ላይ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» የሚሉ ደላሎችም አይጠፉም። ኤልዳና ሁለት ሰዎች አግኝታ አራተኛውን ስትጠብቅ ቆየች። አራተኛው ሲመጣ ከወንድሙ ጋር መጣ። አምስተኛ የሆነችው እሷ ነበረች።

የቀረው ቅርጫ ነው።

በወረቀት ላይ ስሙ «ንቁ ጉዞ» ይባላል። ቅርጫ ያለው ሕዝቡ ነው፤ ሁሉም አዋጥቶ የሚካፈለው ሥጋ ስላለበት። በአያቶቻችን ዘመን ወጣቱ በየመንደሩ ጥግ ተኮልኩሎ በእንግሊዝ አገር ኳስ ይቆምር ነበር አሉ። የማያውቀው ሰው በማያውቀው አገር ኳስ ሲመታ ማየት ሰለቸው መሰለኝ፣ ውሎ አድሮ የሚያውቀው ሰው በሚያውቀው ባቡር ሲመታ ማየት መረጠ። በቅርጫ ፉርጎ ውስጥ ያለው ወንበር ለተሳፋሪው ግማሽ ነው የሚበቃው። ከአቃቂ ደወል እስከ ኤርፖርት ደወል ድረስ ማንም የማንንም ወንበር መቀማት ይችላል። ብረት፣ መስታወትና ገመድ ክልክል ነው። እጅ፣ እግርና ጥርስ የተሳፋሪው የግል ንብረት ስለሆኑ አይከለከሉም። የመጨረሻው ደወል ሲደወል የተቀመጠ ሰው ይወርዳል፤ የቆመ በሩ አይከፈትለትም፣ በመጣበት ይመለሳል። አገር ምድሩ በስልኩ እያየ ይወራረዳል፤ የትኬቱም ዋጋ የረከሰው በዚሁ ነው።

«ፊትዎ እንዲታይ ይፈቅዳሉ? ቅናሽ አለው» አለች መስኮቷ። ከውስጧ ሰው የለም፤ ድምጿ ግን ለስላሳ ነው።

«አዎ።»

«የጉዞዎ ምክንያት ደረትዎ ላይ እንዲጻፍ ይፈቅዳሉ? ተጨማሪ ቅናሽ አለው።»

«አዎ።»

«ጉዳት ቢደርስብዎ ማደንዘዣ እንዳይሰጥዎ ይፈቅዳሉ?»

ኤልዳና ቅናሽ ሲያመልጣት የሚያማት ሴት ናት። አዎ አለች።

ደረቷ ላይ የሚለጠፈውን ካርቶን ተቀብላ መድረኩ ላይ ስትቆም ስልኳ ጠራ። ሚልካ ነበረች፣ በኤርፖርት አስተናጋጇ ስልክ።

«እማ፣ ደረስኩ። የት ነሽ?»

«እየመጣሁ ነው የኔ እናት። ቁጭ ብለሽ ጠብቂኝ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ግን ምን ይባላል?»

«ኖር።»

«ቁጭ ብለሽ ነው?»

«ብድግ ብዬ።»

«ጎበዝ።»

በስልክ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታና ሥርዓት ያስተማረቻት በስልክ ነው፤ ኩራቷም ይኼው ነው። እሷን ራሷን ያስተማራት የአባቷ ቀበቶ ነበር። በእነ ኤልዳና ቤት ታላቅ ሰው ገብቶ ሳይነሳ የተገኘ ልጅ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢፈልግም መቀመጥ አይችልም ነበር።

«ልጅ ለመቀበል» አለች አጠገቧ የቆመች ሴት ካርቶኑን እያነበበች። «ይህን ባታስጽፊ ይሻልሽ ነበር እህቴ።»

«ቅናሽ አለው።»

«አለው እንጂ። ግን ሰው ምክንያት ካየ ይወራረዳል። ብዙ ሰው የተወራረደበት ተሳፋሪ ደግሞ ሳይነካ አይደርስም።»

ሴትዮዋ ዘምዘም ትባላለች። ኤርፖርት አውሮፕላን ታጸዳለች፤ በየቀኑ የምትሳፈረውም ቅርጫ ነው። የግራ ጆሮዋ ግማሹ የለም።

«አጠገቤ ትቀመጫለሽ» አለች። «አንቺ የእኔን ግራ ትጠብቂያለሽ፣ እኔ ያንቺን ቀኝ። በግራዬ አልሰማም። ወንበር ከያዝሽ በኋላ እግርሽን ከወንበሩ እግር ጋር ጠምጥሚ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ዛሬ ሞኝ ሁኚ።»

«እሺ።»

«ሌላ ደግሞ፣ ዱከም ላይ አንድ ሽማግሌ ይገባሉ። ሲገቡ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ይማታሉ?»

«እሳቸው? ዝንብ አይገድሉም።»

ባቡሩ ገባ።

እስከ አቃቂ ድረስ ጉዞው ጨዋ ነበር። ቀድመው የገቡት ተቀምጠዋል፤ የቀሩት ከእያንዳንዱ ወንበር ፊት ቆመው የተቀመጠውን ይመዝናሉ። ኤልዳናና ዘምዘም ተገፋፍተው ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ይዘዋል። ኤልዳና እጇን ከመቀመጫው ሥር ሰዳ ብረቱን ፈለገች። የወንበር አካል ታውቃለች፤ የፊተኛው ዘንግ የት እንደሚያልፍ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ቁርጭምጭሚቷን ቆለፈችበት። ፊት ለፊቷ ሱፍ የለበሰ፣ መነጽሩን በመሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ የሚከት ሰውዬ ቆሟል። ደረቱ ላይ «ለስብሰባ» ይላል።

የአቃቂ ደወል ተደወለ።

«ይቅርታ እህቴ» አለ ሰውዬው፣ በቡጢ አፍንጫዋን አላት።

በቅርጫ ሰው ይቅርታ ሳይል አይመታም። ይህን ደንብ ያወጣ የለም፤ ከየቤታችን ይዘነው የገባነው ነው። ፉርጎው በይቅርታ ተሞላ። «ይቅርታ ወንድሜ»፣ «አፉ በይኝ እናቴ»፣ ቀጥሎ የአጥንት ድምፅ። አንዱ ወጣት የአንዲት ነርስን ፀጉር ይዞ ግንባሯን ከመስኮቱ ጋር ያጋጫል፤ መስታወቱ አይሰበርም፣ የሚሰበረው ሌላ ነው። ከበሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች አንድ ሦስተኛ ሰው እግሩን ጎትተው አወረዱትና፣ እነሱ በወንበሩ ሲጣሉ ሦስተኛው ከሥራቸው ተመልሶ ተቀመጠበት። ወለሉ ላይ ጫማ፣ ጥርስ፣ የተበተነ ምሳ ዕቃ።

ኤልዳና የአፍንጫዋን ደም እየዋጠች ታገለች። ሱፍ ለባሹ ሲደክመው ቦታውን ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጠምሻ ወሰደ። ይኼኛው ይቅርታ ያለው በስንፍና ነው፤ ፊቷን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ ላይ ይገፋ ጀመር። ጣቱ አፏ ውስጥ ገባ። ነከሰችው፤ መጀመሪያ እንዲለቅ ብላ፣ ቀጥሎ ስላልለቀቀ፣ በመጨረሻ ደግሞ ጥርሷ ስለገጠመ። ካሮት ሲቆረጥ የሚሰማውን ድምፅ ሰማች። ወጠምሻው እጁን ታቅፎ ወደ ኋላ ሲል፣ ዘምዘም በክርኗ ጉሮሮው ላይ ጨመረችበት።

«ተፊው፣ ያንቅሻል» አለቻት። ኤልዳና ተፋችው።

ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ የውርርዱ መጠን ይታያል። «ልጅ ለመቀበል» ከሁሉም በላይ ወጥቷል። ገበያ ላይ ያለ ሰው፣ ቢሮ ያለ ሰው፣ ክፍል ውስጥ ስልኩን ጭኑ ላይ የደበቀ ተማሪ፣ ሁሉም እሷን እያየ ነው። ለወጉ አዘኑላት ብለን እንለፈው።

ዱከም ላይ ባቡሩ ለአፍታ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

አባባ አንዳርጌ ገቡ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ጢማቸው እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ነው። ጡረታ የወጡ የሥነ ምግባር መምህር ናቸው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለቴ መቱና፣

«እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ» አሉ።

ፉርጎው ጸጥ አለ። አንዱ የሌላውን ጉሮሮ እንደያዘ ቀረ። ዘምዘም ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነክሳለች። ኤልዳናም እንደተነገራት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ጆሮዋን ግን አልደፈነችም። የከዘራውን ድምፅ ሰማች፣ የሽማግሌውን ድምፅ ሰማች፣ እግሯ ሳያማክራት ከብረቱ ተፈታ። ቂጧ ከወንበሩ ሲለቅ ታውቋታል። ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን የአባቷ ቀበቶ ገና ድሮ ጉዳዩን ጨርሶታል።

«ኖር፣ አባባ» አለ አፏ፣ በደሙ መሀል።

«በእግዜር ልጄ፣ አትነሺ» አሉና ተቀመጡበት።

ብቻዋን አልነበረችም። በየወንበሩ ሰው ብድግ ብድግ ብሎ ነበር፤ ከተነሱት ሁሉ ጀርባ ሌላ ሰው ተንሸራቶ ገባ። ቀይ ሹራቡም አንድ ወንበር አገኘ፤ የጣቱን ጉቶ እየጠባ ወደ ሽማግሌው አንገቱን ነቀነቀ። የተቀመጠው ይነሳል ብሎ መወራረድ የእሱና የጓደኞቹ ሥራ ነው። አባባ አንዳርጌ በየጠዋቱ ይገባሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ሰው ይነሳል። ለሰላምታቸው እነ ቀይ ሹራብ ይከፍሏቸዋል። ውርርድ አይደረግባቸውም፤ በትልቅ ሰው መወራረድ ነውር ነው። የሚነካቸውም የለም፤ ስለዚህ ከለቡ እስከ ኤርፖርት ካለው ወንበር ሁሉ አስተማማኙ እሳቸው የተቀመጡበት ነው።

ኤልዳና ቆማለች። በመስኮቱ በኩል የኤርፖርቱ ነጭ ጣሪያ ከሩቅ ይታያል።

መጀመሪያ ወደ ሱፍ ለባሹ ዞረች፤ እሱም ወንበር አግኝቷል። ይቅርታ ብሎ ጎድኗን በጫማው መታት፤ ትንፋሿ ሲመለስ ወለሉ ላይ ነበረች። ስትነሳ የዘምዘምን ግራ ጎን አየች፣ ልትጠብቀው ቃል የገባችበትን። ዘምዘም ዓይኗን እንደጨፈነች ነው፤ በዚያ በኩል ቢመጣባት አትሰማም። ኤልዳና እጇን ዘረጋች። ዘርግታም መለሰችው። ከዚያ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች።

«አባባ፣ ወንበሬን ይመልሱልኝ። ልጄን ሊመልሱብኝ ነው።»

አባባ አንዳርጌ ጎንበስ ብለው ካርቶኗን አነበቡ።

«እኔስ ምን ላድርግ ልጄ» አሉ በለሆሳስ። «ሽማግሌ ቆሞ አይሄድ። እግዜር ያገናኝሽ።»

ምርቃቱ ከልባቸው ነበር። ያ ነው የባሰባት።

ኤልዳና ይቅርታ አላለችም። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ሥር በሁለት እጇ ጨብጣ ጎተተች። ሽማግሌው እንደ ባዶ ጆንያ ቀላል ነበሩ። «ኧረ ልጄ» አሉ፣ ከዘራቸውን በወንበሩ ክንዶች ላይ አጋደሙ። ከዘራውን ቀምታ ጉልበታቸውን መታችበት፤ ተሰበረ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደተሰበረ በዚያች ሰዓት አላወቀችም። ድጋሚ ስትጎትታቸው ወለሉ ላይ ወደቁ፣ ራሳቸው ከብረት ምሰሶው ጋር ተጋጨ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ኤልዳና ተቀመጠች፤ እግሯን ከዘንጉ ጋር ቆለፈች።

በፉርጎው ውስጥ ጠቡ ቆመ።

«ምን አደረገች?» አለ አንዱ።

«ሽማግሌ መታች።»

«ነውር አይደለም እንዴ!»

«አሳዳጊ የበደላት!» አለ ቀይ ሹራቡ። ቆመ። ደሙ በሹራቡ እጅጌ ይወርዳል፤ ድምፁ ግን ከልብ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። «አባት የሌላት!»

የነርሷን ግንባር ሲያጋጭ የነበረው ወጣት ተነሳ። ነርሷም ተነሳች። ሱፍ ለባሹ መነጽሩን አድርጎ ሽማግሌውን አየና እንባው መጣ፤ እሱም ተነሳ። ከየወንበሩ እየተነሱ መጡባት። ይቅርታ የሚል አልነበረም። በቡጢ፣ በጫማ፣ በተሰበረው ከዘራ ደበደቧት፤ እያለቀሱ የሚመቷት ነበሩ። አንድ ጥርሷ ሄደ። ግራ ዓይኗ ተዘጋ። ከብብቷ ሥር አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማት። ፀጉሯን ይዘው ወደ ላይ ሲጎትቷት ፀጉሩን ለቀቀችላቸው፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን ከዘንጉ አልተላቀቀም።

የመጨረሻው ደወል ተደወለ።

የቅርጫ ሰዎች እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ሁሉም ቆመዋል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የተቀመጡት ሁለት ናቸው፤ ኤልዳናና፣ ዓይኗን እስካሁን ያልገለጠችው ዘምዘም። በዚያ ቀን አገር ሙሉ ቆማሪ ኪሱ ተራቆተ ተብሎ ተወርቷል።

በሩ ለሁለቱ ተከፈተ። ዘምዘም ስትወጣ ወለሉ ላይ የተጋደሙትን አባባ አንዳርጌን አየች፣ ከዚያ ኤልዳናን።

«ዓይንሽን ጨፍኚ ነበር ያልኩሽ» አለቻት። ሌላ ነገር ሳትጨምር ወደ ሥራዋ ሄደች።

መውጫው ላይ ያለችው መስኮት በዚያው ለስላሳ ድምፅ ተናገረች። «እንኳን በሰላም መጡ። አዛውንት በመዳፈር የተጣለብዎ ቅጣት ከሒሳብዎ ተቀንሷል። በቀሪው ሒሳብ ሊገዙ የሚችሉት የመልስ ትኬት፣ ንቁ ጉዞ፣ ሁለት ሰው። ለሕፃን ቅናሽ አለው።»

ኤልዳና ዋጋዎቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ደግማ አየቻቸው። ሁለቱ መደበኛ ወንበሮች የሉም። ልጇን ከዚያ ፉርጎ ለማትረፍ ነበር የገባችበት፤ አሁን ወደ ከተማ የሚመልስ ሌላ መንገድ የላቸውም። የፊቷን ደም በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ሁለት ቅርጫ ገዛች። ፊት ይታይ፣ አዎ። ምክንያት ይጻፍ ሲባል ግን አይሆንም አለች።

ሚልካ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ረጅም አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አንገቷ ላይ ስሟ ተንጠልጥሏል። አጠገቧ ያለችው አስተናጋጅ የኤልዳናን ፊት አይታ አፏን ያዘች፤ ሆኖም አስፈረመቻት። ቀትር አልሆነም። ልጅቷ ያበጠውን ፊት በደንብ አላወቀችውም። አንድ ትልቅ ሰው መምጣቱን ግን አወቀች፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ኖር» አለች።

ኤልዳና ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። እጇ ከፈለገችው በላይ ጠንክሮባት ነበር።

«እማ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ስሚኝ የኔ እናት። ከእንግዲህ ለማንም አትነሺም።»

«አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ፣ ትልቅ ሰው ሲ...»

«ነበር። አሁን አትነሺ ነው የምልሽ። እግርሽን እዚህ ብረት ላይ ጠምጥሚ። እንዲህ። አሁን እኔ ሽማግሌ ነኝ እንበል። ልመጣ ነው።»

ወደ ኋላ ሄዳ እያነከሰች መጣች። «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» አለች። የሚልካ ጉልበት ብቻውን ተንቀሳቀሰ፤ ግማሽ ተነሳች። ኤልዳና ጭኗን በጥፊ መታቻት። የጣቶቿ ምልክት ቀልቶ ወጣ።

«እንደገና።»

ሄዳ መጣች። ልጅቷ ተነሳች። መታቻት፤ ከመጀመሪያው ይልቅ አጠንክራ። እጇን ስታነሳ የአባቷ እጅ መሆኑን አውቃዋለች፤ አልተወችም።

«እንደገና።»

በዚህ ጊዜ የአዳራሹ በር ተከፈተና አባባ አንዳርጌን በቃሬዛ ይዘዋቸው ገቡ። ራሳቸው ተጠቅልሏል፣ አንድ እግራቸው ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል፤ በሕይወት ግን ነበሩ። ቃሬዛው በመካከል ሲያልፍ፣ አንድ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው በልምድ፣

«እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቼ» አሉ።

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ሻንጣ የያዘ ሻንጣውን ጥሎ፣ የተኛ ከእንቅልፉ ነቅቶ ተነሳ። አስተናጋጇ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሚልካ ሽማግሌውን አየች፣ እናቷን አየች። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፤ በሁለት እጇ አግዳሚውን ከሥር ጨብጣለች፤ ቁርጭምጭሚቷ በብረቱ ላይ ነጭ እስኪሆን ተጠምጥሟል። አልተነሳችም።

«ጎበዝ» አለቻት እናቷ።